አንድ መቶ አስር በሰባ

የደም ግፊት መለኪያችን የተበላሸው ግንቦት ላይ ነበር። የጎማ መንፊያው ተሰነጠቀና አየር መያዝ ተወ። ጨርቁን የአንዲት ነፍሰ ጡር ክንድ ላይ ጠምጥሜ ስነፋ ፍስስ ይላል፤ መርፌዋ ትንሽ ከፍ ትልና ተመልሳ ትተኛለች። በፕላስተር ጠቀለልሁት፤ ሁለት ሳምንት ያህል አገለገለን። ከዚያ ወዲያ ፕላስተሩም አልይዝ አለ። ለኃላፊያችን በቃል ነገርሁ። በጽሑፍ ጠየቅሁ። የጽሑፉን ቅጂ ይዤ እንደገና ሄድሁ። የማገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ተጠይቋል።» ማን እንደጠየቀ፣ ማንን እንደጠየቀ፣ መቼ እንደሚመጣ የሚነግረኝ ሰው ግን አልነበረም።

ያኔ የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የእርግዝና ክትትል ክፍል ነው። ቤቴ ዓባይ ማዶ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ድልድዩን በባጃጅ ተሻግሬ እመጣለሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ትልቁ መዝገብ። መዝገቡ ለእያንዳንዷ እናት በሣጥን በሣጥን የተሰመረ ነው፤ ክብደት፣ የእርግዝናው ሳምንት፣ የጽንሱ ልብ ምት፣ የደም ግፊት። ከሣጥኖቹ አንዱ ባዶ ከሆነ ኃላፊያችን በወሩ ግምገማ ይወቀሳል። እሱ ሲወቀስ ተመልሶ እኛን ይወቅሳል። «ባዶ ሣጥን እንዳላይ!» ይለናል። በምን እንሙላው ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

መጀመሪያ ማን እንደጀመረው አላውቅም። አንድ ቀን መዝገቡን ስገልጥ ከላይ እስከ ታች የሁሉም እናት ግፊት አንድ መቶ አስር በሰባ፣ የጤነኛ ሰው ቁጥር፣ ሆኖ አገኘሁት። «ምነው ሁሉም አንድ ሆነ?» ስል አንዷ ባልደረባዬ፣ «እንደ መጽሐፉ መቶ ሃያ በሰማንያ ከሆነማ ያስጠረጥራል» ብላ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፤ ግን ሳቅን።

ይህ በሽታ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ድምፅ የለውም። እናቲቱ ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ትስቃለች፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ኩላሊቷ እየተጎዳ፣ ለልጁ የሚደርሰው ደም እያነሰ ይሄዳል። አንድ ቀን ራሷን ያማታል፣ ዓይኗ ይጭበረበራል፣ ከዚያ ይጥላታል። ሐኪም የሚያያት ብዙውን ጊዜ ከወደቀች በኋላ ነው። ሳትወድቅ የምታገኛት ነርሷ ናት። ያውም በትልቅ ምርምር አይደለም፤ ክንዷን ጠምጥማ፣ ማዳመጫዋን ክርኗ ሥር አድርጋ፣ ሁለት ደቂቃ ዝም ብላ በማዳመጥ ነው። ሙያችን በዚህ በሽታ ላይ ያለው ጉልበት ይኸው ሁለት ደቂቃ ነው። እኛ ግን ሁለቱን ደቂቃ በእስክርቢቶ ቀየርነው።

ነሐሴ ገባ። ዝናቡ ከማለዳው ጀምሮ ሲወርድ በዋለበት አንድ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ አንዲት ልጅ እግር ነፍሰ ጡር ከአማቷ ጋር መጣች። ከሐይቁ ዳር መንደር ናቸው። ባሏ ከወንድሞቹ ጋር ዓሣ ያጠምዳል፤ የባሏ አባት ጀልባ ሠሪ ናቸው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ሲሆን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

ካርዷን ተቀብዬ አየሁና፣ «ቀጠሮሽ የሚመጣው ሳምንት አይደለም እንዴ?» አልኋት።

«ነው ሲስተር። ግን መረብ መሥራት አቃተኝ።»

«እንዴት አቃተሽ?»

«ስጠግን የመረቡ ዓይን ሁለት ሁለት ይሆንብኛል። የቱን እንደምቋጥር ይጠፋኛል። ትናንትና ደግሞ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ሲልብኝ ዋለ። ራሴንም እንዲህ ይዞኛል» አለችና ግንባሯን በሁለት እጇ ጨመቀችው።

አማቷ ከኋላዋ ሆነው ፈገግ አሉ። «መረቡን ጠልታው ነው። እርጉዝ ሥራ ሲያስጠላት ያለ ነው፣ ወላሂ። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ።»

ልጅቷ አልሳቀችም። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ጠበዋል። ጣቷ ላይ ያለው የብር ቀለበት ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል፤ በሳሙና ልታወጣው ሞክራ ዙሪያው ተልጧል። በአውራ ጣቴ ቅልጥሟን ተጭኜ ለቀቅሁት። ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«በግራ ጎንሽ ተኚልኝ። አሁን መጣሁ» ብዬ ወጣሁ።

ወደ ተመላላሽ ሕክምና ክፍል ሮጥሁ። እዚያ አንድ የሚሠራ መለኪያ እንዳለ አውቃለሁ። «ኃላፊው እንዳይሰረቅ ብሎ ቢሮው ቆልፎበታል» አሉኝ። ቁልፉስ? ከኃላፊው ጋር። ኃላፊውስ? ስብሰባ። የሰው ሕይወት የሚያድነው ዕቃ ከሌባ ተጠብቆ ተቆልፏል፤ እኔ ባዶ እጄን ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። በሩን በእርግጫ ልለው አሰብሁ። እግሬን የያዘኝ ያ የለመድሁት የመንግሥት ሠራተኛ ፍርሃት ነው፤ ዛሬም ባለመስበሬ ይቆጨኛል።

ከአስፋልቱ ማዶ አንድ መድኃኒት ቤት አለ። ባለቤቱ ባንኮኒው ላይ በባትሪ የሚሠራ መለኪያ አስቀምጦ መንገደኛውን ይለካል። በዝናቡ ተሻግሬ ገባሁ።

«መለኪያህን አውሰኝ።»

«ጤና ጣቢያው ከእኔ መዋስ ጀመረ እንዴ ሲስተር?» አለ እየሳቀ።

«አዎ ጀመረ። ቶሎ በል።»

ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ዕቃውን በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጋወኔ ሥር አድርጌ፣ እየበሰበስሁ ተመለስሁ።

ለካኋት። አንድ መቶ ሰባ ስምንት በአንድ መቶ አሥራ አራት። መለኪያው ዋሽቶ ይሆናል ብዬ የራሴን ክንድ ለካሁ፤ ደህና ነኝ። ትንሽ አሳረፍኋትና በሌላኛው ክንዷ ደገምሁ። ጭራሽ ከፍ አለ፤ አንድ መቶ ሰማንያ ሁለት በአንድ መቶ አሥራ ስድስት።

ያኔ ነው ካርዷን እንደገና ያነሣሁት። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ መጥታለች፤ በግንቦት መጨረሻ፣ በሰኔ፣ በሐምሌ። ሦስቱም ላይ አንድ መቶ አስር በሰባ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የሌሎች ባልደረቦቼ ጽሑፍ ነው። የሰኔው ግን፣ ሰባቷ ወገቧ ላይ አጭር መስመር አለባት። እንዲያ አድርጎ ሰባት የሚጽፍ በዚያ ጤና ጣቢያ ከእኔ በቀር የለም።

ስለ ንዴት ብዙ ሰው ያወራል። ሰው በኃላፊው ላይ ይናደዳል፣ በመንግሥት ላይ ይናደዳል። የራስን እጅ ጽሑፍ አይቶ መናደድ ግን ሌላ ነው፤ የሚጮኹበት ሰው የለም።

ቀጥሎ የሽንት ምርመራ ነበር የሚያስፈልገው፤ በሽንቷ ፕሮቲን እየወጣ መሆኑን ለማየት። የመመርመሪያው ወረቀትም ካለቀ ሰንብቷል። ላቦራቶሪ ውስጥ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው አንድ አዛውንት ባለሙያ አሉ። ነገሩን ስነግራቸው አልተገረሙም። «አምጪው። እኛ ስንማር ወረቀቱ መች ነበር» አሉ። ሽንቱን በብርጭቆ ቱቦ አድርገው የላይኛውን ጫፍ በአልኮል መብራቱ እሳት ላይ ያዙት። ልጅቷን ለማዋለጃ ክፍሏ አዋላጅ አደራ ሰጥቼ ነበር የወጣሁት፤ አማቷ ተከትለውኝ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ሽንቱ መፍላት ሲጀምር ከላይ ደፈረሰ፣ ነጣ፣ ከዚያ እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ። አዛውንቱ ጥቂት ጠብታ አሲድ ጨመሩበት፤ አልጠራም።

«ፕሮቲኑ ብዙ ነው ልጄ። አታቆዩዋት» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አማቷ ቱቦውን ጠጋ ብለው አዩት። «ይሄ ከእሷ የወጣ ነው?»

«አዎ እማማ። ግፊቷ በጣም ጨምሯል። አሁኑኑ ሆስፒታል ካልደረሰች ለእሷም ለልጁም ያሰጋል።»

«ባለፈው ወር ደህና ናት ብላችሁን የለ?»

«ሆስፒታል እንሂድ» ብቻ አልሁ።

አምቡላንሱ ግቢው ውስጥ አልነበረም። ለኃላፊው ደወልሁ። ከእኔ በዕድሜ ቢያንስም በሥራ ቦታ አንቱ ነበር የምለው። ሹክ እያለ አነሣው።

«ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«አምቡላንሱን ይላኩልኝ። ከባድ የእርግዝና ግፊት ያለባት እናት አለች።»

«አምቡላንሱ ተሰብሳቢዎችን አምጥቶ እዚሁ ቆሟል። ከሰዓት ስንመለስ ይመጣል።»

«ከሰዓት አትደርስም!»

«ሲስተር፣ ሥርዓት አለው። የሪፈር ወረቀቱን አዘጋጂና—»

የቀረውን አልሰማሁትም። አዋላጇ ከእኔ ክፍል ሆና ስሜን ጠርታ ጮኸች። ስልኩን ሳልዘጋ ሮጥሁ። ልጅቷ አልጋው ላይ ግትር ብላ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ መንጋጋዋ ተቆልፏል፤ ከዚያ መላ ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አማቷ «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያሉ እግሯን ሊይዙ ተጠጉ። «አይያዟት እማማ፣ አይያዟት!» ብዬ በጎኗ አዞርኋት፤ እንዳትወድቅ አልጋውን በደረቴ ደገፍሁ። አንድ ደቂቃ ይሆናል፣ ሁለትም ይሆናል። እኔ እንደ አንድ ሙሉ ቀን ነው የማስታውሰው።

ያን ቀን የሚመሰገን ሰው ካለ አዋላጇ ናት። ለእንዲህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ የሚሰጠውን ማግኒዚየም በራሷ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ፣ በየወሩ የሚያበቃበትን ቀን እያየች፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትውለው። ማንም አላዘዛትም። ቀስ እያለች በደም ሥሯ ሰጠቻት፤ የቀረውን በሁለቱም መቀመጫዋ በመርፌ ወጋናት። ያ መርፌ በጣም ያማል። ልጅቷ ከሰመመኗ ሆና ስታቃስት ስሰማ ደስ አለኝ፤ ካቃሰተች አለች ማለት ነው።

ባሏ በስልክ ተጠርቶ ደረሰ። ልብሱ ሐይቁም ዝናቡም ያረጠበው ነበር። አንድ የዓሣ ነጋዴ ፒክአፑን ይዞ አብሮት መጣ። የዓሣ ሣጥኖቹን አውርደው ፍራሽ ዘረጉ፤ ከላይ ሸራ ወጠሩ። አዋላጇ ክፍሉን ባዶ መተው ስለማትችል እኔ አብሬ ወጣሁ። ክንዷ ላይ የተሰካውን ግሉኮስ ከፍ አድርጌ ይዣለሁ፤ ባሏ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁርዓን ይቀራል፤ አማቷ እግሯ ሥር ተቀምጠው ያለቅሳሉ። መንገድ ላይ አንድ አምቡላንስ ከአንድ አዳራሽ ፊት ቆሞ አየሁ። የእኛ ነው። ሾፌሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ ተኝቶበታል። እጄ ግሉኮሱን ባይዝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። ካርዱን ገለጠና ቅንድቡን ሰበሰበ።

«ባለፈው ወር ግፊቷ ደህና ነበር። እንዲህ በድንገት ነው የጨመረው?»

«አይደለም።»

«ካርዱ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ካርዱ ውሸት ነው ዶክተር። መለኪያ የለንም። ለሦስት ወር ማንም አልለካትም።» ትንፋሼን ሰበሰብሁ። «የሰኔውን እኔ ነኝ የጻፍሁት።»

ቀና ብሎ አየኝ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። «ስለነገርሽኝ ጥሩ። የቆየ ነው ብዬ ነው የማስበው እንግዲህ» አለና የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ሊያዘጋጅ ሄደ።

ሴት ልጅ ተወለደች። በጣም ትንሽ ነበረች። ወራት ሙሉ ደም ሲያንሳት የኖረች ልጅ በዚያ ዕድሜ ልትሆን ከሚገባት እጅግ ያነሰች ነበረች። እናቲቱ በማግሥቱ ነቃች። ሕፃኗ በማሞቂያው ክፍል ሦስት ቀን ቆየችና አረፈች። በሁለተኛው ቀን ሄጄ በመስታወቱ አይቻታለሁ። እጇን ጨብጣ ነበር።

በሳምንቱ ወደ መንደራቸው ለቅሶ ሄድሁ። ቤታቸው ከውኃው ጥቂት እርምጃ ላይ ነው፤ ደጁ ላይ ግማሽ የተሠራ ጀልባ በጀርባው ተገልብጧል። ወንዶቹ በአንድ በኩል ተቀምጠዋል። ልጅቷ ውስጥ ተኝታለች፤ ግንባሯን ስሜ፣ ግፊቷን ለክቼ ወጣሁ። መለኪያው የመድኃኒት ቤቱ ነው፤ አሁንም ተውሼ ነው የሄድሁ። አማቷ በር ላይ አገኙኝ። ሳልነግራቸው መመለስ አልቻልሁም።

«እማማ፣ የምነግርዎት ነገር አለ። የሰኔ ቀጠሮዋ ላይ ግፊቷን ሳልለካ ነው ደህና ነው ብዬ የጻፍሁት። ለክቼ ቢሆን ኖሮ ያኔ ይገኝ ነበር ይሆናል። ሕፃኗም ትተርፍ ነበር ይሆናል።»

«አውቃለሁ» አሉ። «አጠገቧ ነበርሁ እኮ። ክንዷን ሳትነኪ ነው የጻፍሽው። አይቻለሁ። የተማርሽ ስለሆንሽ ሳትነኪ የምታውቂ መስሎኝ ነበር።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ድንጋይ ቢወረውሩብኝ ይሻለኝ ነበር። እኒያ ሴትዮ አምነውኝ ነበር። ያመኑትም ባዶ እጄን ነው።

የወሩ ግምገማ ደረሰ። ኃላፊያችን ሪፖርቱን አነበበ። «በእርግዝና ክትትል ረገድ፣ ወደ ተቋማችን የመጡ እናቶች በሙሉ የደም ግፊታቸው ተለክቷል» አለ። ሰው አጨበጨበ። የተጨበጨበው ለዚያ «በሙሉ» ለሚለው ቃል ነው። መዝገቡን ይዤ ተነሣሁ።

«ውሸት ነው» አልሁ። «ከግንቦት ጀምሮ በዚህ ክፍል የአንዲትም እናት ግፊት አልተለካም። መለኪያ የለም። ይኸው መዝገቡ፤ ሁሉም አንድ መቶ አስር በሰባ ነው። የአንድ ሺህ ሴት ግፊት አንድ ዓይነት የሆነበት አገር የት አለ? ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ የእኔም አሉበት። አንዷ ሕፃን ሞታለች።»

ኃላፊው ፊቱ ጠቆረ። «ይህ የተቋሙን ስም ማጥፋት ነው። ቅሬታ ካለሽ በደረጃው ማቅረብ ትችያለሽ።»

«በደረጃው ሦስት ጊዜ ጠይቄሃለሁ!» አልሁት። አንቱታው መቼ ከአፌ እንደወጣ አላወቅሁም። «የሚሠራውን መለኪያ ቆልፈህ፣ አምቡላንሱን ለስብሰባ ወስደህ፣ አሁን ደግሞ በሞተች ሕፃን ላይ ታስጨበጭባለህ!»

ከባልደረቦቼ መካከል ቀና ብሎ ያየኝ የለም።

ከዐሥር ቀን በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። «ሥነ ምግባር በጎደለው ንግግር የተቋሙን ገጽታ በማበላሸት» ይላል። ደጋግሜ አነበብሁት። ሐሰት መጻፌን፣ እናት ሳልለካ ደህና ናት ማለቴን አንድ ቦታ ላይ አያነሣም። ለዋሸሁት ሊቀጡኝ አልፈለጉም፤ እሱን ቢያነሡ የሁላችንም ጉድ ይወጣል። የተቀጣሁት በመናገሬ ነው። ስፈርም ከፊርማዬ በላይ፣ «ጥፋቴ ይህ አይደለም፤ ጥፋቴ መዝገቡ ላይ ነው» ብዬ ጻፍሁበት።

የባልደረቦቼ ቁጣ ከደብዳቤው የበለጠ ከበደኝ። ያቺ ስለ መቶ ሃያ በሰማንያ ስትቀልድ የነበረችው፣ «ኃጢአትሽን መናዘዝ ከፈለግሽ ቤተ ክርስቲያን አለልሽ። እኛን ለምን ጨመርሽን?» አለችኝ። ልጆች ያሏት፣ በደመወዟ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት ናት። ፍርሃቷ ይገባኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የግፊቱን ሣጥን በቀይ እስክርቢቶ «አልተለካም» እያልሁ መሙላት ጀመርሁ። ለእናቶቹም እነግራቸዋለሁ፦ «እህቴ፣ መለኪያ የለንም፤ አልለካሁሽም። ማዶ መድኃኒት ቤቱ ይለካሻል፤ ቁጥሩን ይዘሽልኝ ተመለሽ።» ኃላፊው ጠርቶ «ቀይ ቀለም መጠቀም ክልክል ነው» አለኝ። በሰማያዊ ቀጠልሁ። ሳምንት ሳይሞላ አዋላጇም እንደ እኔ መጻፍ ጀመረች። ቀጥሎ ሌላዋ። አንድ ቀን ከሰዓት ገጹን ስገልጥ ያቺ ቀልደኛዋ ባልደረባዬም በደቃቅ ጽሑፏ «አልተለካም» ብላ ጽፋለች።

ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩ ወርዶ ዜሮ ሲሆን ከበላይ አካል ሰዎች መጡ። እናት ስትንቀጠቀጥ ያልመጡ ሰዎች ቁጥር ሲወርድ መጡ። መዝገቡን አይተው፣ «መለኪያ እኮ ተልኮላችኋል» አሉ። መጋዘኑ ተከፈተ። ሦስት አዳዲስ መለኪያዎች ከነካርቶናቸው፣ ላስቲካቸው ሳይቀደድ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ከሰኔ ጀምሮ። ያልወጡት የመረከቢያ ቅጹን ማን ይፈርም የሚለው ስላልተወሰነ ነው። የመጋዘን ሠራተኛዋ «እኔ ያለ ፊርማ ማውጣት አልችልም» አለች፤ ኃላፊው «እኔ መምጣቱን አልተነገረኝም» አለ። ከመጋዘኑ በር እስከ ክፍሌ ያለውን በእርምጃዬ ለካሁት። ስልሳ አይሞላም።

በሰኔ። እኔ ሰባቷን ወገቧ ላይ አስምሬ ስጽፍ፣ መለኪያው ከግድግዳው ማዶ ነበር።

መለኪያው በገባ በሳምንቱ አንዲት ከሹም አቦ ሰፈር የመጣች ሴት አገኘሁ። ኮሌጅ ውስጥ የምትሠራ፣ ከሌላ ክልል በሥራ ተዛውራ የመጣች ናት፤ ሰባተኛ ወሯ ነው። «ቶሎ በይኝ ሲስተር፣ ቢሮ ይጠብቁኛል። ምንም የሚሰማኝ ነገር የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አይሰማትም። ራስ ምታት የለ፣ እብጠት የለ። ግፊቷ ግን አንድ መቶ ሃምሳ ስድስት በአንድ መቶ ሁለት ነበር። አሳርፌ ደገምሁት፤ ያው ነው። «ዛሬ ቢሮ አትሄጂም» ስላት ተቆጣችኝ። እኔም ተቆጣኋት። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሄደች፤ መድኃኒት ጀመሩላት፤ በየሳምንቱ እየታየች ቆይታ በደህና ወለደች። መድኃኒት ቤት ሄዳ እንድትለካ ብቻ ብነግራት ኖሮ እንደማትሄድ አውቃለሁ። ቢሮ ይጠብቋታል።

ኃላፊያችን በዓመቱ ወደ ተሻለ ቦታ ተዛወረ፤ የሽኝት ዝግጅትም ተደረገለት። እኔ አልሄድሁም። ማስጠንቀቂያው ከፋይሌ እንዲወጣ ባመለክት «ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ አልፏል» ተባልሁ። እዚያው ይቀመጥ ብዬ ተውሁት።

ያቺ የሐይቅ ዳር ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰች። ገና ሦስተኛ ወሯ ነበር። አማቷ ከኋላዋ ናቸው። ገብታ ሳትቀመጥ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋችልኝ። ለካሁና ቁጥሩን ጮክ ብዬ ለሁለቱም ነገርኋቸው። አማቷ «መርፌዋን አሳዪኝ» አሉ። አሳየኋቸው፤ ከየት ተነሥታ የት እንደቆመች በጣቴ እየጠቆምሁ አስረዳኋቸው። ከዚያ ወዲያ በየቀጠሮው እሳቸውም ከእኔ ጋር ያያሉ። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም፤ ጠይቄያቸውም አላውቅ። ዓይናቸው ከመርፌዋ ላይ ግን አይነሣም፤ እኔም እንደዚያ ማድረጋቸው ተገቢ ነው እላለሁ።

ስምንተኛ ወሯ ላይ ግፊቷ ትንሽ ከፍ አለ። ገና ትንሽ። አዲሷ ኃላፊ ሳታንገራግር አምቡላንሱን ሰጠችን። ሆስፒታል ተኝታ፣ በየቀኑ እየተለካች፣ ጊዜዋ ሲደርስ ወለደች። እኔ ክፍሌ ሆኜ እናቶችን እያየሁ ሳለ ባሏ ደወለ። ድምፁ እየተቆራረጠ ነው።

«ሲስተር፣ ይስሙ! ይስሙልኝ!» አለና ስልኩን አስጠጋው።

ሕፃኑ ይጮኻል። ቀጭን አይደለም ድምፁ፤ ጆሮ የሚበጥስ፣ ትንፋሽ የማይሰጥ ጩኸት ነው። አልጋው ላይ የተኛችው እናት እንኳ ሰምታው ቀና አለች። እንባዬ መጣ። ከእንባዬ ጋር ያ የድሮው ንዴቴም መጣ፤ ለመጀመሪያዋ ሕፃንም ያስፈልጋት የነበረው ከዚህ የበለጠ አልነበረምና። አንድ ጨርቅ፣ አንድ መንፊያ፣ ሁለት ደቂቃ።

«በጣም ተቆጥቷል» አለኝ አባትየው እየሳቀ።

«ይቆጣ» አልሁት።